ጎርሶ ከገበታው ሲነሣ

ጎርሶ አላስፈራ አለ። ችግሩ ይኸው ነበር። ሠዓሊው አፉን አሰፋው፣ ድዱን አጠቆረው፣ ምላሱ ላይ ፀጉር አበቀለበት፤ የሚጫወቱት ሰዎች ግን ይስቃሉ። አንዱ እንዲያውም «ይሄ ጭራቅ ሳይሆን ጠዋት አልነሣ ያለ መኪና ነው» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩ የተንጫጫው ሳቅ ለብቻው ያስለቅሳል። የጎርሶን ድምፅ የሠራችው አንዲት ወጣት ሴት ስለሆነች ስድቡ ቀጥ ብሎ ደጃፏ መጣ።

ጎርሶን ለማያውቅ ሰው ነገሩን ከሥሩ መጀመር ይሻላል። በምት የሚሄድ የጌም ዓይነት አለ። ስክሪኑ ላይ ቀስቶች ከታች ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ቀስቱ መስመሩን ሲነካ፣ ልክ ከዘፈኑ ምት እኩል፣ የዚያን አቅጣጫ ቁልፍ መጫን ነው። ባላጋራህ አንድ ስንኝ ያዜማል፣ አንተ በጣትህ ትመልስለታለህ። በቃ፣ ይኸው ነው። ሲሰሙት የልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ የጀመረው ሰው ግን እራቱን ይረሳል። ይህን ጌም አብዝተው የወደዱ ሰዎች ደግሞ መጫወት ብቻ አይበቃቸውም። ሆዱን ከፍተው የራሳቸውን ዘፈንና የራሳቸውን ጭራቅ ይጨምሩበታል፤ የጨመሩትንም ለፈለገ ሁሉ በነጻ ይለቁታል። ጎርሶ እንዲህ ያለ ጭማሪ ነው፦ ረጅም ገበታ ጫፍ ላይ የተቀመጠ፣ ዓይን የሌለው፣ ፊቱ ሁሉ አፍ የሆነ ፍጡር። ያመለጡህን ቀስቶች አንሥቶ ይበላል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ጌም ውስጥ እንዳለ ማወቁ ነው። ዘፈኑ መሀል ማኘኩን ገታ አድርጎ ወደ ተጫዋቹ ይዞርና «እኔ እኮ እንዳስጠላህ ተደርጌ ነው የተሠራሁት። ተሳካ?» ይላል።

አልተሳካም።

ድምፁን የሠራችው ሴት ቀን ቀን ሰው ሠራሽ ጥርስ ትሠራለች። የሥራ ባልደረቦቿ «ጀሶ» ይሏታል፤ ክንዷ ከጀሶ ብናኝ ጠርቶ አያውቅምና። የጥርስ ሐኪሞች የበሽተኛው ድድ የታተመበትን የሊጥ ልኬት ይልኩላታል። እሷ ልኬቱ ውስጥ ጀሶ ታፈሳለች፣ ጀሶው ሲደርቅ በላዩ የሰም ድድ ትሠራለች፣ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ትተክላለች፣ በመጨረሻም ሰሙን አቅልጣ አውጥታ በቦታው ሮዝ ፕላስቲክ ታስገባለች። ብዙ አፍ አይታለች። ግን ያየችው አፍ ሁሉ ነጭ፣ ደረቅና ጸጥ ያለ ነው። አይናገርም፣ አይበላም፣ አይተነፍስም። ሥራዋን የምትወደውም ለዚሁ ነበር።

ስለ ጎርሶ አንድ ሐሳብ ነበራት። ድንገት የሚጮህ ነገር አንዴ ያስደነግጣል፣ ሁለተኛ ጊዜ ይለመዳል። የሚያስጠላ ነገር ግን አይለመድም፤ እንዲያውም በሰማኸው ቁጥር ይብስብሃል። ስለዚህ ጎርሶ መጮኹን ትቶ ማስጠላት አለበት። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ድምፁ ግን ከየት ይምጣ? እርጥብ ስፖንጅ ማይክ ፊት ጨመቀች። የበሰበሰ ሙዝ በጡጫዋ አፈረጠች። ቀጠን ያለ ጀሶ በጎማ ሳህን በጠበጠች። ሠዓሊው በሌላ አገር የሚኖር፣ በጽሑፍ ብቻ የምታውቀው ሰው ነው፤ ሁሉንም ሰምቶ «እኔ የሚታየኝ ዕቃ የሚያጥብ ሰው ነው» ብሎ መለሰላት።

የምትፈልገው ድምፅ ግን እዚያው ቤቷ ውስጥ ነበር።

አጎቷ ጫማ ሰፊ ናቸው። እናቷ ከሞተች ወዲህ እሷንና ታናሽ እህቷን ያሳደጉት እሳቸው ሲሆኑ፣ የሚሠሩት መንገድ ዳር በምትከፈተው የቤቱ የፊት ክፍል ነው። ጫማ ሰፊ ሚስማሩን በከንፈሩ ይይዛል፤ እጁ ሥራ ላይ ነዋ። ዕድሜ ልካቸውን ሚስማር የነከሱበት ጥርስ አንድ በአንድ አልቆ፣ አሁን አፋቸው ውስጥ ያለው የላይኛውም የታችኛውም የእሷ የእጅ ሥራ ነው። ጥርስ የሌለው ድድ ደግሞ በጊዜ ብዛት ይሟሽሻል። ፕላስቲኩ አይሟሽሽም። መሀላቸው ክፍተት ይፈጠራል፤ የታችኛው ጥርስ በምራቅ ላይ መዋኘት ይጀምራል።

አጎቷ ሲበሉ መስማት ለጀሶ ቅጣት ነበር። ዳቦው በምራቅ ሲላቆጥ፣ ምላስ ከላንቃ ሲላቀቅ፣ ሾርባው በጥርስና በድድ መሀል ገብቶ ሲንቦጫረቅ፣ ከዚያ ያ ሁሉ ተጠራቅሞ እንደ ተደፈነ ቧንቧ ጎርጎጭ ብሎ ሲወርድ ሰውነቷን ይወርራታል። ማንኪያዋን ወርውራ መሮጥ ያምራታል። ስለዚህ ገበታ ላይ ሁልጊዜ ማዳመጫ ጆሮዋ ውስጥ ትሰካለች። «ዜና ነው» ትላለች። አጎቷም «ይሄ ዓለም ምን ያህል ወሬ ቢኖረው ነው?» ይላሉ፣ አፋቸው ሞልቶ።

አንድ የዕረፍት ቀን ምሳ ላይ የማዳመጫው ባትሪ ሞተ። ጥርሷን ነክሳ ተቀመጠች። ያኔ ነው የሰማችው፦ ጨቅ፣ ጨቅ፣ ጨቅ... ቀጭ! ሦስት ለስላሳ ማኘክ፣ ከዚያ የታችኛው ጥርስ ተነሥቶ ሲወድቅ አንዲት ደረቅ ቀጭታ። ደግሞ ሦስት፣ ደግሞ አንድ። ፍጥነቱ አይዛነፍም። ይሄንን ምት የት ታውቀዋለች? ከፊት ክፍል ነው! አጎቷ ሚስማር ሲመቱ ሦስት ጊዜ ነካ ነካ አድርገው ያቆሙታል፣ በአራተኛው ያስገቡታል። እጃቸው አፋቸውን አስተምሮታል። ጀሶ ማንኪያዋን አየር ላይ እንደያዘች ቀረች። የሚያቅለሸልሻት ነገር ቁጥር ሆኖ ታያት። ስልኳን ድምፅ እንዲቀዳ ከፍታ ከዳቦው መሸፈኛ ጨርቅ ሥር ሸጎጠችው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በእውነት የሚያስደስት ነው። አንዲት የመዋጥ ድምፅ ከቅጂው ተቆርጣ ትወጣለች። ኮምፒውተሩ ሲያቀጥናት ከፍ ያለ ድምፅ፣ ሲያወፍራት ዝቅ ያለ ድምፅ ትሆናለች፤ እንዲህ ከአንድ ጉሮሮ ሙሉ ዜማ ይወጣል። ማኘኩ ከበሮ ሆነ። ቀጭታዋ ደግሞ ልክ ቀስቱ መስመሩን በሚነካበት ቅጽበት ላይ ተቀመጠች። የብልሃቱ ሁሉ ብልሃት ይቺ ናት፦ ተጫዋቹ ላለመሸነፍ ሲል በየቀጭታው ጣቱን ይጭናል፤ ማለትም ሳያውቀው ከጎርሶ ጋር አብሮ ያኝካል።

የሚስቅ ጠፋ። «ምሳዬን ሳልጨርስ ተውኩት» አለ አንዱ። «ማይኩን ጉሮሮው ውስጥ ነው እንዴ የቀበራችሁት?» አለ ሌላው። አንዷ «ጆሮዬን በሳሙና ታጠብኩ፣ አሁንም አለ» ብላ ጻፈች። ሠዓሊው «ሁለተኛ ዘፈን! አሁኑኑ!» አለ።

በእነዚያው ቀናት አጎቷ አንድ ነገር ይጠይቋት ጀመር። «አንቺ ልጅ፣ ይቺ የታችኛዋ ቤቷን ለቃለች። አጥብቂልኝ እንጂ።»

«እሺ ጋሼ፣ የያዝኩትን ልጨርስና።»

«ደንበኛ ፊት ብትወድቅ ሶል ነው ብዬ እሰፋታለሁ፣ ኋላ እንዳታዝኚ።»

ጥርሱን ማጥበቅ ለእሷ ከባድ ሥራ አይደለም፤ ውስጡን አዲስ ፕላስቲክ ማልበስ ነው። ነገር ግን የጠበቀ ጥርስ ቀጭ አይልም፣ ሁለተኛው ዘፈን ደግሞ አላለቀም። ይህን ለራሷ እንኳ በግልጽ አልተናገረችም። «ልጨርስና» ብቻ አለች፤ ደጋግማ።

ታናሽ እህቷ ፀጉር ሠሪ ናት፤ አፏ ከመቀሷ ይፈጥናል። የጎርሶን ዝና ከደንበኞቿ ሰምታ፣ ድምፁ ከየት እንደመጣ ግን ሳታውቅ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ አጎቷን ጠራቻቸው። «ጋሼ፣ ይምጡ ይምጡ! የልጅዎን ጉድ ይዩ!»

ጀሶ ከሥራ ስትገባ ሁለቱ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠዋል። አጎቷ መነጽራቸውን አድርገዋል። ቁልፉን የምትጫነው እህቷ ናት፤ አጎቷ ግን በጣታቸው ጉልበታቸውን ይመታሉ፤ ቀስቱን ሳይጠብቁ፣ ልክ ከምቱ እኩል።

«እንዴ ጋሼ! በድብቅ ሲለማመዱ ነበር እንዴ? አንድም አላመለጠዎትም እኮ!»

«ይሄን ምት አውቀዋለሁ» አሉ አጎቷ።

ያኔ ጎርሶ ማኘኩን አቆመ። ዘፈኑ ጸጥ አለ። ያ ሰፊ አፍ ወደ ሦስቱም ዞረ። «እኔ እኮ እንዳስጠላህ ተደርጌ ነው የተሠራሁት። ተሳካ?»

«ኤጭ! ወደዚያ!» አለች እህቷ ፊቷን አኮማትራ። «ምራቁን እዩት! ጋሼ፣ አላስጠላዎትም?»

አጎቷ መልስ ሊሰጡ ምላሳቸውን አነሡ። ጸጥ ባለው ክፍል ውስጥ የታችኛው ጥርሳቸው ተነሥቶ ወደቀ። ቀጭ።

እህቷ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ መሀል ላይ ቀረ። ጀሶን አየቻት።

«ጥሩ ተሠርቷል» አሉ አጎቷ። መነጽራቸውን አጥፈው ወደ ሥራ ክፍላቸው ሄዱ።

በማግስቱ ሳህናቸውን ይዘው ወደዚያው ገብተው በሩን ዘጉ፤ የሚቸኩል ጫማ አለብኝ ብለው። ከዚያ ዳቦ ተዉ። ከዚያ ሾርባው ግማሽ ድረስ ብቻ ተጠጥቶ ይመለስ ጀመር። ጉንጫቸው ጎደጎደ። አንድ ጠዋት ጀሶ በወስፌ የገዛ ቀበቶአቸውን ሲበሱ አገኘቻቸው። «ቆዳው ተለጠጠ» አሉ። ቆዳ ያለ ምክንያት እንደማይለጠጥ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።

«ሰውዬው በረሃብ ሊሞቱ ነው» አለቻት እህቷ። «በጌም ሰው ይገደላል ሲሉ ውሸት ይመስለኝ ነበር። ሂጂና አናግሪያቸው!»

የፊት ክፍሉ ማስቲሽና ቆዳ ይሸታል። ጀሶ ገብታ ቆመች። «ጋሼ፣ ጥርስዎን ይስጡኝ። ላጥብቀው።»

«ዘፈኑ አለቀ?»

ጀሶ ክንዷ ላይ ያለውን ብናኝ ታራግፍ ጀመር።

«አልተቆጣሁም» አሉ፣ ጫማውን ጉልበታቸው ላይ እያገላበጡ። «የገረመኝ ምን መሰለሽ? ያ ሰውዬ አስጠሊታ መሆኑን ያውቃል። አውቆ ነው የሚበላው። እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን ሳላውቅ ፊታችሁ በላሁ። ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ ጋሼ?»

«አፍዎን ይዝጉ ብለሽ ነዋ!» አሉና ያለ ድምፅ ሳቁ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው የታችኛውን ጥርስ አወጡ፤ በቁራጭ ቆዳ ላይ አድርገው ሰጧት።

ሞቃት ነበር። አንድ ክር ምራቅ ከጥርሱ እስከ ቆዳው ተዘርግቶ ተንጠለጠለ፤ መሀሉ ላይ የላመ ነገር ተጣብቋል። በሥራ ቦታዋ የምትነካው ጥርስ ሁሉ ታጥቦ የመጣ ነው። ይሄ ግን ከአፍ የወጣ፣ ሕይወት ያለው የሚመስል ነገር ነው። ክንዷን ዘርግታ ከፊቷ አራቀችው። ከዚያ የባሰው ግን ቀጥሎ ጭንቅላቷ ውስጥ ያለፈው ሐሳብ ነበር፦ ይሄ ክር ሲበጠስ ምን ዓይነት ድምፅ ይሰጥ ይሆን? ያን ጊዜ ከምራቁ ይልቅ ራሷ ቀፈፈቻት።

ጥርሱን አጠበችው። ውስጡ ለስላሳ ሊጥ አድርጋ አጎቷን አስነከሰች፣ ልኬቱን ወስዳ በሥራ ቦታዋ አዲስ ፕላስቲክ አለበሰችው። ልክክ አለ። ቀጭታዋ ጠፋች። አጎቷ ግን ወደ ገበታ አልተመለሱም። «ቀጭ የምትለዋ ሄዳለች» አሉ፤ «ሌላው ሁሉ አለ።» እውነት ነው። ሌላው ሁሉ አለ፣ ለእሷም እንደ በፊቱ ያቅለሸልሻታል። ያንን የሚያጠብቅ ፕላስቲክ የለም።

የለቀቀችውን ዘፈን ከኢንተርኔት አነሣችው፣ ያላለቀውንም ሁለተኛ ሰረዘችው። ሠዓሊው በንዴት ጻፈ፦ «አብደሻል? ሰው የሚወደው እኮ እሱን ነው!»

«የአጎቴ አፍ ነው» ብላ መለሰች።

«ታዲያ ጎርሶ በማን አፍ ይብላ?»

«በእኔ።»

ማይኩን ከንፈሯ ሥር አስጠግታ ዳቦ አኘከች። ከዚያ አዳመጠችው። ከአጎቷ የባሰ ነበር! ይቸኩላል፣ በአፍንጫው ይተነፍሳል፣ ዳቦውን ሳያደቅ እንደ ጭቃ ይጠፈጥፈዋል፣ መሀል ላይ ደግሞ አንዲት የማታውቃት ትንሽ ማቃሰት አለች። ሮጣ ሄዳ አፏን ተጉመጠመጠች። ይሄን ሁሉ ዓመት ማዳመጫ የሰካችው ለሌላ ሰው አፍ ነበር፤ የራሷን አንድም ቀን አልሰማችም። ለጎርሶ ከዚህ የተሻለ ድምፅ አይገኝም፤ አንድ ነገር ብቻ ጎደለው። ምት የለውም። የምታኝከው ከሰው እየሸሸች ይመስላል።

ስለዚህ አሁን ምሳዋን ይዛ ወደ ፊት ክፍሉ ትገባለች፤ ያለ ማዳመጫ። አጎቷ መጀመሪያ ቀን «ምን ጎድሎሽ ነው?» አሏት። «ምት» አለቻቸው። ሳህናቸውን ራቅ አድርገው ሳይነኩት መዶሻቸውን አነሡ። እሷ ትጎርሳለች፣ እሳቸው ይመታሉ። ስታበላሽ ያርሟታል። «ፈጠንሽ። ሚስማር እንዲህ ቢመታ ይጣመማል።»

ዛሬ ያመጣችው ቅርፊቱ የደረቀ ዳቦ ነው፤ ለሁለት ቆርሳ ግማሹን ሰጥታቸዋለች። አፏን ከፍታ፣ እንዲሰማ አድርጋ ታኝካለች። ምራቋ ይንቦጫረቃል፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ጨቅ፣ ጨቅ፣ ጨቅ። በአራተኛው ላይ መዶሻው አልመታም። ቀና ስትል አጎቷ መዶሻውን አስቀምጠዋል፤ ዳቦው በእጃቸው ነው፣ ከንፈራቸው ገና አልተከፈተም። አላቆመችም። ቀጣዩን ትጎርሳለች፣ ሦስቱን ታኝካለች፣ አራተኛዋን ምት ባዶ ትተውላቸዋለች፤ ደግሞ ትጎርሳለች።