ለእህታቸው የመረጡት ጠበቃ

መሪጌታ ክንፈሚካኤል ከቡሬ ወጣ ብላ ባለች ደብር ቅኔ ያስተምራሉ። ታናሽ እህታቸው እንቁ ባሏ ሲሞትባት መሬቷን ቢሆነኝ ለሚባለው የባሏ ወንድም በእኩል እንዲያርሰው ሰጠችው። ጥቂት ዓመት አርሶ አካፈላት። ኋላ ግን «ወንድሜ በሕይወት ሳለ ሰጥቶኛል» ብሎ ካደ። ሽማግሌ ቢላክበትም አሻፈረኝ አለ።

«እኔ ፊደል አልቆጠርሁ፤ ጠበቃውን እርስዎ ይምረጡልኝ» አለቻቸው።

ተያይዘው ፍኖተ ሰላም ሄዱ። መጀመሪያ ያገኟት ጠበቃ ሰብለ የምትባል ወጣት ነበረች። አስቀምጣቸው እንቁን በጥያቄ ያዘቻት። «በእኩል ስትሰጪው ማን ነበረ? አውድማው ላይ ሲያካፍልሽ ማን አየ? መጥተው ይመሰክሩልሻል?» ከዚያም ወደ መሪጌታ ዞረች። «እነዚህን ሰዎች ካላገኘን ልንሸነፍ እንችላለን። በተስፋ አልደልልዎትም።»

መሪጌታን ከፋቸው። «ገና ሳትሟገት የተሸነፈች!» እያሉ ወጡ።

«ደኅና ትመስላለች እኮ» አለች እንቁ። አልሰሟትም።

ማዶ ካለው ቢሮ ባንተአምላክ የሚባል ጠበቃ ብድግ ብሎ እጅ ነሣቸው። ነገሩን እስከ መጨረሻው እንኳ አላዳመጠም። «አይስጉ የኔታ፤ እሱ አርሶታል፣ እኔ አርመዋለሁ» አላቸው። እርሻውን ነው ወይስ ሰውየውን? የቅኔ መምህሩ በዚህች ኅብረ ቃል ልባቸው ተማረከ። እንቁም ጣቷን አትማ ወከለችው።

በቀጠሮው ቀን ባንተአምላክ ቡሬ ፍርድ ቤት ቆሞ ንግግሩ አማረለት። መሪጌታ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙት። ዳኛዋ ግን «ምስክሮቻችሁስ?» አሉ። በክሱ ላይ የአንድም ምስክር ስም አልሰፈረም። ቢሆነኝ ምስክሮቹን አስከትሎ መጥቶ ነበርና መሬቱ ለእሱ ተፈረደ።

መሪጌታ ብቻቸውን ወደ ሰብለ ተመለሱ። ፍርዱን አነበበችው። «ይግባኝ ይባላል። ግን ያኔ ያልተቆጠረ ምስክር አሁን ይሰማልን ማለት ከባድ ነው። ያኔ ቢሆን...» ሳትጨርሰው ተወችው። ይግባኙም አልሰመረም።

እንቁ ዛሬ ወንድሟ ቤት ትኖራለች። አንድ ቀን ማዕድ ላይ ሳሉ «ለጆሮዬ የጣፈጠኝን መረጥሁልሽ» አሏት።

«ተዉት እንግዲህ። ይብሉ፣ ይቀዘቅዛል» አለቻቸው።

ወደ ቡሬ ገበያ የሚያደርሰው አቋራጭ በመሬቷ ዳር ያልፋል። እሷ በወንዙ በኩል ዞራ ነው የምትሄድ። መሪጌታም መንገዱ ረዘመ ሳይሉ ከኋላ ከኋላዋ ይከተላሉ።