ለሰርጓ ያስቀመጥነው ምርቃት

ባለቤቴ ሊሞት ሰሞን ለልጅ ልጃችን ሰርግ የሚሆን ምርቃት ተናግሮ፣ ልጃችን ኮምፒውተሩ ላይ ቀዳው። "እስከ ሰርጓ ቀን እንዳትሰማው" ብሎ ባለቤቴ አደራ አለኝ።

ባለፈው ያቺው የልጅ ልጄ ከቤቴል መጣች፤ ታክሲ አጥታ ዝናብ ደብድቧታል። ድሮ እዚያ ጫካ ነበር፣ ሰውም አይሄድ።

"እማዬ፣ ይሄ ኮምፒውተር እኮ ያቃስታል። ሊኑክስ የሚባል አዲስ ሲስተም ልጫንበትና ወጣት ይሁንልሽ!" አለችኝ። ፍላሹን ሰክታ ጥቂት ነካካችና፣ "ውስጡ የምትፈልጊው ነገር አለ እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ።

አለ ብላት ከፍታ ታገኘዋለች ብዬ ፈራሁ።

"ምን ይኖረዋል፣ ባዶ ነው" አልኳት።

ሲያልቅ በአንዴ ብልጭ ብሎ ተከፈተ። "የድሮውስ?" ብላት፣ "ሙልጭ አድርጌ ጠረግኩት፤ ባዶ ነው አላልሽም?" ብላ ሳቀች። ደስ ብሏት ሳያት መርቄ ሸኘኋት። አደራ ጠባቂ ነኝ ባይዋ እኔ!

ልጄን በስልክ ጠየቅኩት፤ ሌላ ቦታ አላስቀመጠውም።

ሰርጓ ከፋሲካ በኋላ ነው። እኔም የሰማሁት አንዴ ነው። ቃሉን ላስታውስላት ብዬ ብጨነቅ ብጠበብ፣ የሚመጣልኝ ባለቤቴ በመሃል የሳለው ሳል ብቻ ነው።