ሦስት ደቂቃ በሱሉልታ ሜዳ

ቡራዩ ውስጥ መብራት ሲሄድ ማንም አይደነግጥም። የሚያስደነግጠው ሲመጣ ነው። ዘሎ ነው የሚመጣው፤ ያገኘውን ቴሌቪዥንና ፍሪጅ አቃጥሎ ነው የሚረጋው። ስለዚህ ገና ድርግም ሲል ቤቱ ሁሉ «ንቀሉ! ንቀሉ!» ይባባላል። ሲመለስም ወዲያው የሚሰካ ሰው የለም፤ መጀመሪያ አምፖሉ ይታያል። እኔ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ስለሆንኩ እንጀራዬ ከዚሁ ጣጣ ነው። ስታብላይዘርም እሸጣለሁ፤ መብራት ሲመጣ ሦስት ደቂቃ አቆይቶ የሚለቀውን ዓይነት።

ሰበታ፣ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ኤሌክትሮኒክስ የሚያስተምር ጓደኛ አለኝ። አብረን ተምረን እሱ ጠመኔ ያዘ፣ እኔ ካቻቢቴ። ለተማሪዎቹ የድሮን ክበብ አቋቁሞላቸው ነበር። ድሮን ስል ሌላ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ትሪ የምታክል፣ አራት ሞተር ያላት፣ ከተጣለ ዕቃ የተገጣጠመች መጫወቻ ናት። ግን በዚህ ዘመን «ድሮን» የሚለውን ቃል ሰምቶ ፈገግ የሚል ሹም የት ይገኛል? ጓደኛዬ ከቤት ውጭ ለማስነሳት ፈቃድ ፍለጋ ሁለት ዓመት ሙሉ ቢሮ ለቢሮ ተንከራተተ። ዛሬ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፣ ነገ ማኅተሙ የለም። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ብቻ ተፈቀደለት፦ ሱሉልታ፣ አንድ ሜዳ ላይ፣ ሦስት ገምጋሚዎች ባሉበት። ካማረ ክበቡ ይቀጥላል። ካላማረ ክፍሉ የተሰበረ ወንበር ማስቀመጫ እንደሚሆን ርእሰ መምህሩ ቁርጡን ነግረውታል።

ገምጋሚዎቹ አጥብቀው የጠየቁት አንድ ነገር ነበር፦ ባትሪዋ አየር ላይ ቢከዳትስ? ብትወድቅ እንኳ የት እንዳለች እንድትናገር፣ አንጎሏ፣ ማለትም ሞተሮቹን የሚያዘው ቦርድ፣ መጠባበቂያ ኃይል ያስፈልገዋል።

«ይኼ ያንተ ሥራ ነው» አለኝ ጓደኛዬ።

ደስ አለኝ፤ ምን ያስዋሸኛል። ዕድሜ ልኬን ሰው ያቃጠለውን ስጠግን ኖሬ፣ አንድ ነገር ከባዶ ተነስቼ እንድሠራ ስለመን የመጀመሪያዬ ነበር። ከአሮጌ ላፕቶፕ ጤነኛ ባትሪ መርጬ አወጣሁ፤ ሁለት ሳምንት የብየዳ ስታኞ ጭስ ስምግ ከረምኩ። የሠራሁት ቦርድ የዋናው ባትሪ ኃይል ሲወርድ ከመስመር ቆርጦ ያስወጣዋል፤ አንጎሉን በትንሿ ባትሪ ይይዘዋል። የዋናው ኃይል ሲመለስ ግን ወዲያው አያስገባውም። ሦስት ደቂቃ ያቆየዋል።

ጓደኛዬ ንድፉን አይቶ «ይቺ ማቆያ ምን ትሠራለች?» አለኝ።

«ተመልሶ የመጣ ኃይል ታምናለህ እንዴ አንተ? ሰበታ መብራት አይጠፋም?»

ከት ብሎ ሳቀ። «እውነትህን ነው» አለ፤ በቃ፣ አለቀ። ወይ ነዶ! ሁለት የተማርን ሰዎች! ግን ሁለታችንም ያደግነው እየነቀልን ስለሆነ ነገሩ ጥያቄ አልሆነብንም። በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ፣ ድሮኗ በሲባጎ ታስራ፣ ወገብ ድረስ ብድግ ብላ ቆመች። መልሰን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ዋናውን ባትሪ ነቀልነው፤ የአንጎሏ ሰማያዊ መብራት ቦግ እንዳለ ቀረ። ተቃቀፍን።

ሱሉልታ የዚያን ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ሜዳው የአንድ አዛውንት ነው። ጓደኛዬ «አካም ቡልተን» ብሎ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ ካላቸው በኋላ «አባባ፣ ሣርዎን አንጎዳም፤ አይስጉ» አላቸው። እሳቸውም ጋቢያቸውን ተከናንበው ከገምጋሚዎቹ ጎን ቆሙ።

ተነሳች። ከባሕር ዛፎቹ በላይ ወጣች። አንደኛው ገምጋሚ «ጎበዝ» ሲል ሰማሁ። ከዚያ ነፋስ መጣ። ሞተሮቹ ነፋሱን ሊቋቋሙ ጉልበት ሲስቡ በብርድ የደነዘዘው ባትሪ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ወረደ። ለዓይን ጥቅሻ ብቻ! ወዲያው ተመልሷል። የኔ ቦርድ ግን አላመነውም፤ ቆርጦ ሦስት ደቂቃውን መቁጠር ጀመረ። አራቱም ሞተሮች ባንዴ ጸጥ አሉ፤ ሣሩ ላይ ስትፈጠፈጥ ድምፁ እኛ ጋ ደረሰ።

ይህን ሁሉ አሁን ነው የማወራው፤ ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር። እየሮጥኩ «ባትሪው ነው! ፎርጅድ ሸጠውልን ነው!» እያልኩ እጮህ ነበር። ከብበናት ቆምን። ሁለት ክንዷ ተሰብሯል። ገምጋሚዎቹ ይጽፋሉ።

«ሞተች?» አሉ አዛውንቱ።

ጓደኛዬ የተበተነውን ስብርባሪ ይለቃቅም ጀመር። ቆየን። ድንገት ከሣሩ ውስጥ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጢጥ አለ። ሞተሮቹ ኃይል ሲያገኙ፣ ለመነሳት ዝግጁ ነን ሲሉ የሚያሰሙት ዜማ ነው።

«አልሞተችም እኮ!» አሉ አዛውንቱ ደስ ብሏቸው። «ይኸው ትጮኻለች!»

ክው አልኩ። ጓደኛዬ ሰዓቱን አየ፤ ቀና ብሎ እኔን አየ። ባትሪው ደህና ነበር። ነገሩ ለሁለታችንም እኩል ገባን።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አላቸው ጓደኛዬ ለገምጋሚዎቹ። «ንድፉን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

አፌን መክፈት ነበረብኝ። አልከፈትኩም። ሚኒባስ ውስጥ፣ ስብርባሪዋን በፌስታል ታቅፎ፣ «አንተ በስምህ ነው የምትበላው፤ እኔ ደሞዝተኛ ነኝ» አለኝ፣ ሳልጠይቀው። እዚያች መኪና ውስጥ እንኳ ይቅርታ አላልኩትም፤ በመስኮት ሳይ መጣሁ።

ክፍሉ አሁን ወንበር ሞልቶታል፤ ሄጄ አይቻለሁ። ፈቃድ የሚባል ነገር ዳግም አልተነሳም፤ አይነሳምም። ጓደኛዬ ስለ ድሮን አያወራም። ፍሪጅ የተቃጠለባቸውን ጎረቤቶቹን ግን ዛሬም ከሰበታ ድረስ ወደኔ ይልካቸዋል። «በሥራው የሚታመን ሰው ነው ብሎን ነው» ይሉኛል።

ስታብላይዘሩን አወጣላቸዋለሁ። መብራት ሲመጣ ሦስት ደቂቃ እንደሚቆይ አስረዳቸዋለሁ።

«ከዚያ በኋላስ ይሠራል?» ይሉኛል።

«ይሠራል» እላለሁ። «ከሦስት ደቂቃ በኋላ ምንም አይለውም።»