ሃቫና ላይ የበላሁት ቦይና

ባለፈው እሑድ ከቸርች መልስ አንድ ወጣት ሐኪም ቤታችን ምሳ ጠርተን ነበር። ከጎጃም ተመድቦ ሶዶ ከመጣ ገና ዓመት ያልሞላው፣ የባለቤቴን የአስቴርን ደም ግፊት በትዕግሥት ሲከታተል የቆየ ጨዋ ልጅ ነው። ስሙን የማልጠቅሰው በኋላ በሚገባችሁ ምክንያት ነው። አስቴር ውለታ አድሮ ሲጠብቃት አትወድም፤ ከዋዜማው ጀምራ አንዱን አውራ ዶሮ በዓይኗ መርጣለች። ሐኪሙ ግን ቁጭ ከማለቱ ነገሩ ገባውና ከወንበሩ ብድግ አለ።

«እማማ፣ በእግዚአብሔር፣ ለእኔ ብለው ዶሮ እንዳያርዱ» አላት። «ቀለል ያለ ነገር ይበቃኛል። እዚህ አገር ቡላ ሞልቶ የለ? የቡላ ገንፎ ካለ እኔ ሌላ አልፈልግም።»

አስቴር እኔን አየችኝ። እኔ ደግሞ ምህረትን አየሁ። ምህረት ልጃችን ናት፤ የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ልትወልድ ከቦዲቲ መጥታ፣ ያበጠ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ ተቀምጣለች። ጓዳ ያለችው ቡላ የእሷ የአራስ ገንፎ ናት። ጓሯችን የነበሩትን እንሰቶች በሽታ አጠውልጎ ከጨረሳቸው ወዲህ ቡላ በእኛ ቤት ከዶሮ የከበደች ነገር ሆናለች፤ ያቺንም አስቴር አረካ ድረስ ሄዳ ዘመድ ለምና ነው ያመጣቻት። ሐኪሙ ይህን ከየት ያውቃል? በየሄደበት ጓሮ እንሰት ቆሞ ያያል፤ ተክሉ ካለ ቡላው እንደ ውሃ የሚቀዳ መስሎታል።

«እሺ ልጄ፣ ቡላ አለ፣ ምን ችግር አለው» አለች አስቴር። ወደ ጓዳም ገባች።

እኔ ግን ፊቴ ጋለ። ያፈርኩት በሐኪሙ አልነበረም፣ በቤቴም አልነበረም። ሃቫና ውስጥ፣ የሰው ማዕድ ላይ ተቀምጦ በጨዋነቱ ሲኩራራ በነበረ አንድ የወላይታ ጎረምሳ ነው ያፈርኩት።

ገንፎው እስኪደርስ ሐኪሙ ራሱ ስለ ኩባ ጠየቀኝ። በደርግ ጊዜ ኩባ መማሬን ሶዶ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ሒሳብ ያስተማርኳቸው ልጆች ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከኋላዬ «ጋሽ ኩባ» ነበር የሚሉኝ። አንድ ጓደኛው ለሥልጠና ወደ ሃቫና ሊሄድ ኖሮ፣ «ጋሼ፣ ከተማውን በአንድ ሳምንት እንዴት አድርጎ ይየው?» አለኝ።

የማውቀውን ነገርኩት። የማውቀው አሮጌ ነው፤ ነገር ግን ፀሐይና ባሕር ብዙ የሚለወጡ አይመስለኝም። ከተማውን በጠዋት ይዙረው፣ እኩለ ቀን ላይ ሃቫናን ልዙር የሚል ሰው ራሱን ይጠላል አልኩት። በአሮጌው ሰፈር ፎቆቹ በአምድ ላይ ቆመው ለእግረኛ ጥላ ይሠራሉ፤ ከአንዱ ጥላ ወደ ሌላው እየተሻገረ ግማሽ ከተማ ሊያቋርጥ ይችላል። ማሌኮን በሚሉት የባሕር ግንብ በኩል ሲሄድ ነፋስ ካለ ማዶውን ይያዝ፤ ማዕበሉ ግንቡን ዘልሎ ጫማውን በጨው ይጨርሰዋል። ዳጣ የለመደ ሰው ደግሞ የራሱን ይያዝ፤ ኩባዎች በርበሬ አያውቁም።

ከሁሉ የወደድኩትን የሰልፍ ሥርዓታቸውንም ነገርኩት። አይስክሬም ቤትም ሆነ አውቶብስ ፌርማታ ስትደርስ «የመጨረሻው ማነው?» ብለህ ትጠይቃለህ። አንዷ እጇን ታነሣለች። ከእሷ ቀጥሎ መሆንህን ካወቅህ በቃ፣ ጥላ ፈልገህ ትቀመጣለህ፤ ተራህን ማንም አይወስድብህም። ይህን ደንብ ሶዶ መናኸሪያ ላስገባው ሞክሬ የባጃጅ ሾፌሮች እንኳ ስቀውብኛል።

ሐኪሙ ስልኩ ላይ ሁሉንም ጻፈ። ስለ ቦይናው ግን አልነገርኩትም። ለእሱ ያልነገርኩትን ለእናንተ ልንገራችሁ።

አባቴ ምሥራቅ ግንባር የወደቀ ወታደር ነበር። እንደ እኔ አባታቸውን ጦርነት ከወሰደባቸው ልጆች ጋር ለትምህርት ወደ ኩባ ተላክሁ። ትምህርት ቤታችን ከዋናው ምድር ባሕር የለያት ደሴት ላይ ነበር፤ ግማሹን ቀን እንማራለን፣ ግማሹን ቀን ብርቱካን እንለቅማለን። ሚርታ የምትባል የሒሳብ አስተማሪ ነበረችን። ቀጭን፣ ስትናደድ የምታፏጭ ልጅ ናት። አንድ ዓመት ትምህርት ሲዘጋ «አንተ ሃቫናን ሳታይ ልታረጅ ነው» አለችኝና ለአንድ ሳምንት ወላጆቿ ቤት ይዛኝ ሄደች። በመርከብ ተሻግረን፣ በሸንኮራ ማሳ መካከል በሚጓዝ አውቶብስ ተሳፍረን፣ አመሻሽ ላይ ደረስን።

ቤቱ አንድ ሳሎን፣ ሁለት ተወዛዋዥ ወንበርና ሰፊ መስኮት ያለው ነበር። እናቷ ዶኛ ኤልባ ሁለቱን ጉንጮቼን ስመው ተቀበሉኝ። አባቷ ዶን ራሞን ጡረታ የወጡ የአውቶብስ ሾፌር ናቸው፤ ረጅም፣ ከስተው ሸሚዛቸው የሚሰፋቸው፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ። ራት ቀረበ። ነጭ ሩዝ፣ ጥቁር ባቄላ፣ ለእያንዳንዱ አንዳንድ የተጠበሰ እንቁላል፤ ለእኔ ለእንግዳው ደግሞ አንዲት የዶሮ እግር። ዶን ራሞን ፊት ብቻ ሌላ ትንሽ ሳህን ነበር። እንፋሎቱ አፍንጫዬን ሲነካው ልቤ ዘለለ። ቦይና ነው። አማርኛው ጎደሬ የሚለው፣ እናቴ በየምሽቱ የምትቀቅለው።

«ምንድነው ይሄ?» አልኩ።

«ማላንጋ» አሉ ዶን ራሞን።

እዚህ ላይ የእኛን አገር ደንብ ልንገራችሁ። እንግዳ ሲመጣ የቤቱ እመቤት ዶሮዋን ታያለች። ደህና አስተዳደግ ያለው እንግዳ ዓይኗን ተከትሎ «ኧረ እኔ ቦይና ይበቃኛል» ይላል። እሷም ሰምታ እንዳልሰማች ሆና ዶሮዋን ታርዳለች። እሱ አላስቸገረም፣ እሷም አልሰሰተችም፤ ሁለቱም ተከብረው ያድራሉ። የእንግዳው ቃል እንዲባል እንጂ እንዲፈጸም አይደለም።

እኔም የተማርኩትን አደረግሁ። የዶሮዋን እግር ወደ ሚርታ ገፋ አድርጌ፣ «ለእኔ አትቸገሩ፤ ያቺ ማላንጋ ትበቃኛለች። አገሬም የምበላው እሷን ነው» አልኩ። ዶኛ ኤልባ ባላቸውን አዩ። ዶን ራሞን ሳህኑን በሁለት ጣታቸው ገፋ አድርገው ከፊቴ አኖሩት።

አቀርቅሬ ስጸልይ እሳቸው ቆባቸውን አወለቁ። ከዚያ በላሁ። አገሬን ከለቀቅሁ ጀምሮ እንደዚያ በልቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ራት በቀረበ ቁጥር ማላንጋዋ ፊቴ ትቀመጥ ነበር። እኔም ዝም ብዬ አልበላም፤ አስተምራለሁ። በቅቤና በዳጣ እንዴት እንደሚበላ ለዶኛ ኤልባ አስረዳኋቸው። «በእኛ አገር ይሄ ሌላ ሲጠፋ የሚበላ ነው፣ ድሃም አያጣው» አልኳቸው። እንግዳ ሆኜ ሸክም ባለመሆኔ በልቤ ራሴን አመሰግን ነበር። አንድ ቀን ሚርታ ወጥ ቤት ሆና ለእናቷ ፈጠን ባለ ስፓኒሽ የሆነ ነገር ስትላቸው ሰማሁ። የትምህርት ቤቱን ስፓኒሽ እሰማለሁ፤ የወጥ ቤቱ ግን ግማሹ ይዋጣል፣ አይያዝም። «ምን አለች?» ብዬ ዶን ራሞንን ጠየቅኋቸው።

«ደግሞ ይምጣ እያለች ነው» አሉኝ። ደስ አለኝ።

በየጠዋቱ ከተማውን የሚያሳዩኝ እሳቸው ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን አውቶብስ የነዱበት መንገድ ስለሆነ በየማዕዘኑ ሰላም የሚላቸው ሰው አለ። ሆኖም ጥቂት እንደሄድን ግንብ ላይ ይቀመጡና እጃቸውን ከጎድናቸው በታች አስደግፈው ባሕሩን ያያሉ። ከኪሳቸው ደረቅ ብስኩት አውጥተው ቀስ ብለው ያኝካሉ። እኔ እርጅና ነው ብዬ ነበር። ቀለድኩባቸውም። «በእኛ አገር የእርስዎ እኩያ ዳሞታ ተራራን ወጥቶ ይወርዳል» አልኳቸው። ሳቁና «ነገ አብረን እንወጣዋለን» አሉኝ።

ምሽት ምሽት ከወደቡ ምሽግ አንድ መድፍ ይተኩሳሉ፤ የቆየ ልማዳቸው ነው። በመጀመሪያው ቀን ሳላስበው ጠረጴዛው ሥር ልገባ ምንም አልቀረኝም። ማንም አልሳቀም። ከዚያ ወዲያ ሰዓቱ ሲደርስ ዶን ራሞን ወንበራቸውን ወደ እኔ ጠጋ አድርገው፣ ድምፁ እስኪያልፍ እጃቸውን እጄ ላይ ያኖሩ ነበር። ሆዳቸው እየተቃጠለ መሆኑን አላውቅም ነበር።

የመጨረሻው ቀን ጠዋት ቦርሳዬን ይዤ ሳሎን ተቀምጫለሁ። ጎረቤታቸው፣ ሕፃን የታቀፈች ሴት፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዛ ገባች። እኔን ያየችኝ አይመስለኝም።

«ኤልባ፣ እንኩ፣ ከልጄ ድርሻ ነው» አለች። «ማላንጋ እኮ በራሽን ለሕፃንና ለበሽተኛ ካልሆነ አይሰጥም። ሐኪሙ ለራሞን ጨጓራ ያዘዘላቸውን ያ ልጅ ጨረሰው አይደል? ወሩ ገና ብዙ ይቀረዋል። ሰውየው ምን ሊበሉ ነው?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ከወጥ ቤቱ ስፓኒሽ አንዲት ቃል አላመለጠችኝም። ዶኛ ኤልባ «ኡሽ!» ብለው እጇን ያዙ። ሴትየዋ ዞራ አየችኝ፤ እሷም ደነገጠች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት አልኩ። ድሃ አያጣውም ያልኩት ትዝ አለኝ። ዳሞታ ትዝ አለኝ። ለብቻዬ የታዘዘ ይመስል ሳህኑን በጣቴ የጠረግሁት ትዝ አለኝ።

ዶን ራሞን በረንዳ ላይ ነበሩ። ፊታቸው ቆሜ የመጣልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ?» አሉ። «እኔ እንደ መድኃኒት ነው የምበላው፤ ዓይኔን ጨፍኜ። አንተ እንደ ምግብ በላኸው። ምግብ መሆኑን ረስቼው ነበር» አሉኝ።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቁጣ ሲያልፍ ያልፋል፤ ደግነታቸውን ግን የማስቀምጥበት ቦታ አጣሁ። ይቅርታ ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ሳምንቱን ሙሉ ይዤው የኖርኩት ቃል ነው። «ላስቸግር አልፈለግሁም ነበር።»

«አላስቸገርከንም» አሉ፣ ቆባቸውን እያስተካከሉ።

መርከቡ ላይ ርቦኝ ቦርሳዬን ስከፍት ያ ጋዜጣ እላይ ተቀምጧል። ዶኛ ኤልባ የሕፃኑን ማላንጋ ቀቅለው፣ ጨው ነስንሰው፣ ስንቅ አድርገውልኛል። ሚርታ አጠገቤ ሆና ባሕሩን ታያለች። ወደ ባሕር ልጥለው አልችልም፣ ልመልሰው አልችልም። በላሁት። አንድም ቁራሽ አላስተረፍኩም።

ትምህርት ቤት ከተመለስን በኋላ ልክስ ብዬ የመረጥኩትን ብርቱካን በከረጢት ሞልቼ ለአባቷ እንድትወስድ ለሚርታ ሰጠኋት። ከረጢቱን አይታ አፏጨች። ብርቱካን ለጨጓራ በሽተኛ! መካሱም አልሆነልኝም። አባቷ እንዴት እንደሆኑ ስጠይቃት «ደህና ናቸው፣ የወሩ ድርሻ መጣላቸው» ትለኛለች። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ የዚያ ቤት ሰዎች እንዲህ ባለ ነገር ላይ እውነቱን አይናገሩም።

ወደ እሑዱ ምሳ ልመለስ። ሐኪሙ የቡላውን ገንፎ በላ። አስቴር ቅቤውን አልሰሰተችም፤ ከጎኑ ያስቀመጠችው ዳጣ እንባውን አወረደው፣ ግን አላቆመም። ጎጃም ቢሆን እንዲህ ያለ ነገር አይገኝም፣ እናቴ በሆኑ እያለ አስቴርን ደጋግሞ አመሰገነ። ሳህኑ ሲያልቅ ምህረት ከበርጩማዋ ሳትነሣ ለእናቷ በወላይትኛ አንድ ነገር አለቻት። አስቴር ሳቋን በነጠላዋ አፈነች።

«ምን አለች?» አለኝ ሐኪሙ፣ እየሳቀ።

ምህረት ያለችው «እንግዲህ አራስ ስሆን ገንፎውን ዶክተሩ ቤት ሄጄ ነው የምበላው» ነበር።

«ደግሞ ይምጣ እያለች ነው» አልኩት።

ደስ አለው። ያን ደስታ አውቀዋለሁ። ዶን ራሞን ይህንኑ ቃል ሲነግሩኝ ቅር ብሏቸው እንዳልነበረ አሁን ነው ያመንኩት፤ እኔም ቅር አላለኝም። አስቴርም በነጋታው ዘንቢሏን አንጠልጥላ ሌላ ቡላ ፍለጋ አረካ ወረደች። ይህን ማወቄ ግን እፍረቴን አላቀለለልኝም። እንዲያውም የዚያን ማዕድ ሰዎች ፊት አንድ በአንድ አሳየኝ፤ ዶኛ ኤልባ ባላቸውን ያዩበትን፣ ሚርታ ወጥ ቤት ሆና ያለችውን።

ሐኪሙን እስከ ውጪው በር ሸኘሁት። እጄን ጨብጦ፣ «አዩ ጋሼ፣ ምንም ሳላስቸግራችሁ ጠግቤ ሄድኩ» አለኝ።

«አላስቸገርከንም» አልኩት፣ ቆቤን እያስተካከልኩ። ቀና ብዬ ግን ላየው አልቻልኩም።