ወንድሜ ዳንግላ ላይ ያገባት ጎል

ልጅ ሳለሁ፣ በከተማችን በቆሰበር መብራት በጠፋ ቁጥር የሰፈራችን ልጆች የምንሰበሰበው አባባ አንለይ ኮርቻ በሚሠሩባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። አባባ አንለይ የእናቴ አጎት ነበሩ፤ አባታችን እኔ ገና ሳልራመድ ስለሞተ፣ እኔንና ታላቅ ወንድሜን ይበልጣልን ያሳደጉን እሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል። ክፍሏ ቆዳና ጢስ ትሸታለች። ያለቁና ያላለቁ ኮርቻዎች ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል፤ ነፋስ በበሩ ስንጥቅ በገባ ቁጥር ኩራዙ ይርገበገባል፣ የኮርቻዎቹም ጥላ አብሮት ይወዛወዛል። እሳቸው ወስፌያቸውን ይዘው ጠፍር እየሰፉ፣ ዓይናቸውን ከሥራቸው ሳያነሱ ተረት ይነግሩናል፤ እኛም እግራችንን ወደ ፍሙ ዘርግተን፣ የካልሲያችን ጫፍ እስኪግል ድረስ እንሰማለን።

እኔ የምወደው የጅብና የጦጣውን ነበር። አባባ አንለይ ግን አንዲት የማይተዋት ተረት ነበረቻቸው፤ ገና ሲጀምሯት ንዴቴ ይመጣል። ተረቷ የአንድ ፈረሰኛ ናት። ሰውዬው ጎረቤት አገር ሰርግ ተጠርቶ ይሄዳል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፤ ከዚያ ግልቢያ ይደረግና የሱ ፈረስ የባለሰርጉን ፈረስ ይቀድማል። ሰውዬው ደስታውን መያዝ አቅቶት በሰው ዳስ መሀል ጭኑን እየመታ ይስቃል፣ ይፎክራል። ባለሰርጉ ምንም አይለውም። ሲመሽ ግን የሚሸኘው ሰው ይጠፋል፤ በማያውቀው መንገድ ብቻውን ሲሄድ ገደል ይገባል። በቃ፣ ይቺው ናት።

«አባባ፣ ፈረሱ የሱ አልነበረም ወይ?» እላቸዋለሁ።

«የሱ ነበር።»

«ቀድሞስ የለ?»

«ቀድሟል።»

«ታዲያ ቢደሰት ምናለበት?»

«ቤቱ ገብቶ ይደሰታ!» ይሉና ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው ወደ ሌላ ተረት ያልፋሉ። ሌሎቹ ልጆች ይስቃሉ። እኔ ግን ከፍሙ ፊት ተቀምጬ፣ ያ ሰውዬ ቤቱ እስኪገባ ድረስ ደስታውን የት ሊያስቀምጠው ነበር እያልኩ እብሰለሰል ነበር።

ያኔ ይበልጣል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ነበር፤ ለከተማችን ቡድን ይጫወታል። ይጫወታል ስል ማልያ ይለብሳል ማለቴ ነው። ያን ዓመት ሙሉ ተቀያሪ ወንበር ላይ ነው የከረመው። የሰፈሩ ጎረምሶች «ወንበር ጠባቂው» የሚል ስም አውጥተውለት ነበር፤ እሱም ፈገግ ብሎ ያልፋቸውና ቤት ሲገባ ጫማውን በር ላይ ወርውሮ ሳይበላ ይተኛል። ማለዳ ተነስቶ በጭጋግ ውስጥ ብቻውን ሲሮጥ የማየው እኔ ብቻ ነበርኩ። ጎል ካገባ ወደ እኔ እንደሚሮጥ ነግሮኛል። አምኜዋለሁ።

ቡድናችን ወደ ዳንግላ ሄዶ የሚጫወትበት ቀን ደረሰ። ግንቦት ነበር፣ ዝናቡ ቀድሞ የገባበት ዓመት። እናቴ «ሴት ልጅ በዚያ ሁሉ ወንድ መሀል!» ብላ ስትቆጣ አባባ አንለይ «እኔ እወስዳታለሁ፤ ለጠፍር የሚሆን ቆዳም አይቼ እመለሳለሁ» ብለው አስፈቀዱልኝ። የቡድኑን አረንጓዴ ካናቴራ ለበስኩ፤ ሚኒባስ ተሳፍረን ሄድን። ዳንግላ ስንደርስ ከመናኸሪያው እስከ ሜዳው ጋሪ ያዝን፤ የጋሪው ጎማ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ፈረሱም ሰውም ሲገፋ ጊዜው ሄደ፣ ሜዳው ስንደርስ ጨዋታው ተጀምሯል። የኛ ሰዎች ከማዶ ሆነው ሲዘፍኑ ይሰማኛል። በሩ ላይ የቆመው አስተናባሪ ግን እጁን ዘረጋብን።

«አሁን መሻገር የለም። እዚሁ ቦታ ፈልጋችሁ ተቀመጡ።»

«ልጄ፣ እኛ እኮ እንግዶች ነን፤ ወገኖቻችን ያሉት ከማዶ ነው» አሉት አባባ አንለይ።

«ሰምቻለሁ አባቴ። መሻገር የለም ብያለሁ።»

ስለዚህ ከዳንግላ ደጋፊዎች መሀል ገባን። አባባ አንለይ ጎንበስ ብለው «ሹራብሽን ቆልፊ» አሉኝ። ካናቴራዬ እንዳይታይ እስከ አንገቴ ቆለፍኩት። ግንድ ተጋድሞ የተሠራ መቀመጫ ላይ ቦታ ስንፈልግ፣ አንድ ኮት የለበሰ፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ሰው ተጠግቶ «ኑ፣ እዚህ ተቀመጡ፤ ልጅቱ ረጥባለች» አለንና የተከናነበውን ላስቲክ ለሦስታችን ዘረጋው። ከኪሱ የሽምብራ ቆሎ አውጥቶ እፍኜ ላይ አፈሰሰልኝ። ላስቲኩ አዲስ ነበር፣ ዝናቡ ሲመታው ያስተጋባል።

አባባ አንለይ በጆሮዬ ሕግ ያወጡልኝ ጀመር። የነሱ ሰው ጥሩ ሲጫወት «ጎበዝ» ማለት ነውር የለውም። የኛው ሰው ሲሳሳት አለመናደድ። የነሱ ሲሳሳት አለመሳቅ። ከሁሉ በላይ ግን የኛ ቡድን ቢያገባ መዝለል የለም፣ መጮህ የለም፣ እጅ ማንሳት የለም።

«ታዲያ ለምን መጣን?» አልኳቸው።

«ልናይ።»

ሰውዬው ጨዋታው ጋብ ሲል ወደ አባባ አንለይ ዞሮ «በረኛውን አዩት?» አለ። «የኔ ልጅ ነው። የመጀመሪያ ጨዋታው ነው። ትናንት እንቅልፍ አልወሰደውም፤ እናቱም እንደሱው።» ድምፁ ውስጥ ኩራትም ፍርሃትም ነበረበት።

«እግዜር ይርዳው። ቁመናው ያምራል» አሉ አባባ አንለይ።

እኔ አፌን ከፈትኩ። የኔም ወንድም እዚያ ጋ አለ፣ ያ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው፣ ልል ነበር። አባባ አንለይ ጉልበቴን ጫን አደረጉት። ዋጥኩት። የሌላ ሰው ልጅ ሲመሰገን የኔ ወንድም እንደሌለ ሆነ።

ጨዋታው ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ያህል ሲቀረው ተቀያሪዎቹ በእኛ በኩል ባለው መስመር እየሮጡ ሰውነታቸውን ማሟሟቅ ጀመሩ። ይበልጣል በፊታችን ሲያልፍ አየኝ። በዳንግላ ሰዎች መሀል መሆኔ ገርሞት ቆም አለና ጠቀሰኝ። ከዚያ ስሙ ተጠርቶ ገባ። በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባ! የአባባ አንለይን እጅጌ ይዤ ስጎትት እሳቸው ፊታቸውን ሳያዞሩ በአዊኛ፣ ቀስ ብለው፣ ዝም እንድል ነገሩኝ። ሲቆጡ ነበር ወደ አዊኛ የሚዞሩት።

ጎሏ እንዲህ ናት። ኳሷ ከግራ ተሻግራ መጣች፤ በረኛው ሊይዛት ወጣ፤ ጭቃው አንሸራተተውና በአንድ ጉልበቱ ተቀመጠ፤ ኳሷ ከክንዱ ሥር አምልጣ ስትወጣ ይበልጣል ደረሰባት። የጎሉ መረብ ሲርገፈገፍ፣ ከመረቡ ላይ የዝናቡ ውሃ ሲረግፍ ይታየኛል። ከማዶ የኛ ሰዎች ጩኸት ተነሳ፤ እኛ ባለንበት በኩል ግን አንድም ሰው አልተነፈሰም።

ይበልጣል ወደ ማዶ አልሮጠም። ወደኔ ሮጠ። እጆቹን ዘርግቶ፣ ፊቱ በጭቃ ተለውሶ፣ ጥርሱ ብቻ እየታየ፣ በቀጥታ ወደኔ መጣ። እኔ ልነሳ ስል የአባባ አንለይ አንድ እጅ ትከሻዬን ተጭኖ አስቀመጠኝ፣ ሌላው አፌ ላይ አረፈ። ያ በቆዳና በወስፌ የደነደነ እጅ ነው። ነከስኩት። በሙሉ ጥርሴ፣ ባለኝ ኃይል ነከስኩት። እሳቸው ግን ቅንጣት ታህል አላላሉትም።

ወንድሜ መስመሩ ጋ ደርሶ ቆመ። አየኝ። ቁጭ እንዳልኩ አየኝ። እጆቹ ቀስ ብለው ወረዱ። ዙሪያችን ያሉት ሰዎች «ሂድ ከዚህ!» እያሉ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሲወረውሩበት ፊቱን አዙሮ እየተራመደ ወደ ጓደኞቹ ሄደ።

ከኋላችን «የማነው ይሄ በረኛ? አውጡት!» የሚል ጩኸት ተነሳ። ስድቡ በልጁ አላበቃም፤ ወደ እናቱ ሄደ፣ ወደ ቤተሰቡ ሄደ። ከጎናችን ያለው ሰውዬ ስድቡን ሁሉ ይሰማል። ላስቲኩን በእኛ ላይ እንደያዘ፣ ዓይኑን ከሜዳው ላይ ሳያነሳ፣ ከንፈሩ ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። አባባ አንለይ አፌን ለቀቁና የነከስኩትን እጃቸውን የሰውዬው ጀርባ ላይ አሳረፉ። «ጭቃው ነው ወንድሜ» አሉት። «ማንንም ይጥላል።»

ጨዋታው በዚያች ጎል አለቀ። ስንወጣ አምስት ስድስት ጎረምሶች መንገዱን ይዘው ቆመዋል፤ የገጠማቸውን ሁሉ ከየት ነህ ይላሉ። አንዱ ሹራቤ ሥር ያለችውን አረንጓዴ አይቶ «እነዚህ የቆሰበር ናቸው!» አለ። የበረኛው አባት መሀል ገባ።

«ከኔ ጋር ናቸው» አለ።

«ጋሼ፣ እነዚህ እኮ...»

«ከኔ ጋር ናቸው አልኩህ!»

ገለል ብለው አሳለፉን። ሰውዬው እስከ ጋሪው ድረስ ሸኘን፣ ላስቲኩን እኔ ላይ አድርጎ ሰጠኝ፣ አልቀበልም ብልም አልሰማኝም። ያገባው ልጅ ወንድሜ መሆኑን አልነገርነውም። አባባ አንለይ ሊነግሩት የፈለጉ ይመስለኛል፤ አፋቸውን ሁለት ጊዜ ከፍተው ሁለት ጊዜ ዘጉት።

በሚኒባሱ ውስጥ እስከ ቆሰበር ድረስ አላናገርኳቸውም። እሳቸውም አላባበሉኝም።

ይበልጣል ከቡድኑ ጋር ቀድሞን ደርሶ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እየሳመው ጠበቀን። «ወንበር ጠባቂው» ያሉት ጎረምሶች ተሸክመውት ነበር። ሰዉ ሲበተን አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።

«አየሽኝ?» አለኝ።

«አየሁህ።»

«እኔም አይቼሻለሁ» አለና ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። «ምን ሆንሽ፣ ፈራሽ?»

«አባባ ናቸው የያዙኝ! አፌን ይዘውኝ ነው!»

በማግስቱ አባባ አንለይ ራሳቸው መጥተው ነገሩት። የሰውዬውን ነገር፣ የላስቲኩን፣ የበረኛው አባት መሆኑን፣ ሁሉንም። ይበልጣል አንገቱን ደፍቶ ሰማቸውና «ምንም አይደለም አባባ፣ ደግ አደረጉ» አላቸው። ደግ አደረጉ አላቸው እንጂ ከዚያ በኋላ ለጨዋታ ሲሄድ አንቺም ነይ ብሎኝ አያውቅም። በዓመቱ ቡድኑ ፈረሰ። ይበልጣልም ባሕር ዳር ሄዶ መኪና ይነዳ ጀመር። በሕይወቱ በሰው ፊት ያገባት ጎል ያቺው አንዷ ሆና ቀረች።

ወደ ኮርቻው ክፍል መሄድ ትቼ ብዙ ሳምንት ቆየሁ። አንድ ምሽት መብራት ጠፋና እናቴ እሳት እንዳመጣ ላከችኝ። አባባ አንለይ ብቻቸውን ነበሩ። ፍሙን በሸክላ ስባሪ ሲያወጡልኝ፣ እጃቸው ላይ የጥርሴ ምልክት በኩራዙ ብርሃን ታየኝ። ይቅርታ ልል ነበር፣ ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ትክክል ነበሩ?»

«የሰውየውን ፊት አይተሻል አይደል?» አሉኝ።

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ምን ትጠይቂኛለሽ?»

«እርስዎስ የወንድሜን ፊት አይተዋል?»

ወስፌውን አስቀመጡት። ተረት ሲነግሩን እንኳ አስቀምጠውት አያውቁም። «አይቻለሁ» አሉኝ። ሌላ ነገር ይጨምራሉ ብዬ ቆሜ ጠበቅኩ። ሸክላው እጄን ሲያቃጥለኝ ወጣሁ።

አባባ አንለይ ካረፉ ቆይተዋል። እኔም መምህርት ሆኜ እዚያው ቆሰበር እኖራለሁ፤ ኳስ አሁንም እወዳለሁ። ዛሬ የሩቅ አገር ኳስ በሚታይባቸው ቤቶች ውስጥ የሁለት ቡድን ደጋፊ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ ይቀመጣል። ጎል ሲገባ የሰው ፊት ላይ ጣት የሚቀስር፣ በተሸነፈው ጆሮ ሥር የሚያፏጭ፣ ከዚያም ወንበር የሚያነሳ ጎረምሳ ሳይ ደሜ ይፈላል። ባለፈው ዓመት አንዱን ተቆጥቼ አስቀምጬዋለሁ። «የሰው ፊት አታይም ወይ?» ስለው ድምፄ የሳቸው ሆኖ ተሰማኝና ክው አልኩ። የኔ ቡድን ሲያገባ አጠገቤ ያለው የሌላው ደጋፊ ከሆነ እጄን አፌ ላይ አደርጋለሁ፤ ማንም ሳይነግረኝ። ሰዎች ጨዋ ይሉኛል።

በቅርቡ ይበልጣል ልጁን ይዞ ለበዓል መጣ። ልጅቱ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አባቷ ጎል አግብቶ እንደሚያውቅ ሰምታ ኖሮ «እቴቴ፣ አንቺ እዚያ ነበርሽ አሉ፣ ንገሪኝ» አለችኝ። ነገርኳት። ጭቃውን፣ መረቡን፣ ሮጦ የመጣበትን መንገድ ሁሉ ነገርኳት። ትንፋሿን ይዛ ከሰማችኝ በኋላ «ከዚያስ አንቺ ምን አደረግሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ይበልጣል ስልኩን የሚያይ መስሎ ወደ ውጭ ወጣ። ስለ በረኛው አባት ልነግራት ጀመርኩ፤ ስለ ላስቲኩ፣ በጎረምሶቹ መሀል እንዴት እንዳሳለፈን። ልጅቱ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማችኝና «እሺ፣ ግን ለምን አልጮህሽለትም?» አለችኝ።

ያን ቀን አባባ አንለይ ያደረጉት ትክክል እንደነበረ አውቃለሁ። እሳቸው ቦታ ብሆን እኔም አደርገዋለሁ፤ እያደረግሁትም ነው። ትክክል የሆነ ነገር ይህን ያህል ዘመን እንዴት እንደሚቆጭ ግን የነገረኝ የለም።