የእናቴ የብር አምባር

ከዩኒቨርሲቲ በተመረቅሁ ቀን የእናቴን የብር አምባር ተውሼ አደረግሁ። አፉ ክፍት ስለሆነ ለቀጭን እጄ አጠበብሁት፤ ማታ ስመልሰው እንደ ድሮው ላደርገው ሞከርሁ። ሲሰፋብኝ እያጠበብሁ፣ ሲጠብብኝ እያሰፋሁ ደጋግሜ አጠፍሁት። ባጠፍሁት ቁጥር እየጠነከረብኝ ሄደ።

የተማርሁት ኬሚስትሪ ነው፤ ይህንንም ለፈተና ጽፌዋለሁ። ብር የሚታጠፈው አተሞቹ በንብርብር ስለተደረደሩና አንዱ ንብርብር በሌላው ላይ ስለሚንሸራተት ነው። መታጠፉ ሲበዛ ግን ድርድሩ ይዛባል፣ መንሸራተቱ ይከብዳል፣ በመጨረሻም ይሰነጠቃል። ይህን እያወቅሁ ሳጥኗ ውስጥ መለስሁት።

ለልደታ ንግሥ እናቴ ላጥልቀው ስትል እጇ ላይ ተሰበረ።

ጌጃ ሰፈር ያለው ወርቅ ሠሪ ስብራቱን አገላብጦ አየ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ብር እንጂ ላስቲክ አይደለም! ማነው ሲያጥፍ ሲዘረጋው የከረመው?»

«እኔ ነኛ! እጄ ወፍሮ አልገባ ሲለኝ ታገልኩት» አለች እናቴ እየሳቀች።

አጠገቧ ቆሜ ነበር። ሰውየው ስብራቱን በየደና አምባሩን በሙሉ አግሎ አለሰለሰው። በእሳቱ አተሞቹ ድርድራቸውን እያስተካከሉ እንደሆነ አውቅ ነበር፤ እሱንም አልተናገርሁም።

ስንወጣ እናቴ አምባሩን እጄ ላይ አደረገችው።

«አንቺ ጠንቃቃ ነሽ፣ ልጄ። እኔማ መልሼ እሰብረዋለሁ።»

እስከ ታክሲው ድረስ አሁን እነግራታለሁ እያልሁ ሄድሁ። አልነገርኋትም። አምባሩ ዛሬም እጄ ላይ ነው፤ ሰው አይቶ ሲያደንቀው እጅጌዬን ስቤ እሸፍነዋለሁ።