አባቴ አልተኛም ነበር

ባለፈው ወር ልጄ ፋጡማ ደሴ ወስዳ ለዓይን ሐኪም አሳየችኝ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ የእሷ እኩያ ቢሆን ነው። አገጬን ብረት ላይ አስደግፎ በብርሃን ሲመረምረኝ ከቆየ በኋላ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳብ አደረገና፣ «አባባ፣ ከቤተሰብዎ ዓይኑ የጠፋ ሰው ነበር? አባት፣ እናት፣ ወንድም?» አለኝ።

«አባቴ» አልኩት።

ፋጡማ ዞር ብላ አየችኝ። «አባ፣ አያቴ ዓይኑ ደህና አልነበር እንዴ?»

ሐኪሙ የዓይን ግፊት እንደሚባል፣ በዘር እንደሚወርድ፣ ሕመም ስለሌለው ሰው ሳያውቀው ዳር ዳሩን እያጨለመ ወደ መሃል እንደሚጠብ ነገረን። ቀደም ብዬ ብመጣ ኖሮ ጠብታ ያቆየው ነበር፤ የጠፋው ግን አይመለስም። «ለምን ቆዩ?» አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ደብቄ ነው የቆየሁት። ከሚሴ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ልብስ ስሰፋ ኖሬያለሁ። መጀመሪያ ኮት መስፋት ተውኩ፣ ቀጥሎ ሱሪ ማሳጠር ብቻ፣ ቀጥሎ ቁልፍ መትከል። በመጨረሻ ፋጡማ የሰው ነጭ ጀለቢያ ላይ የጣቴን ደም ስታይ የስፌት መኪናዬን በአንሶላ ሸፍና ጥግ አስያዘችው። ለእኔው ብላ ነው፣ አውቃለሁ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ኮምቦልቻን አልፎ ወደ ቆላው ሲወርድ በመስኮቱ የሞቀ ነፋስ ገባ። የደረሰ ማሽላ ሽታ ነበረው፣ የደረቀ ቅጠልና ትኩስ አቧራ። ማሳው አይታየኝም፤ ሽታው ግን ኅዳር መሆኑን ነገረኝ። ያን ጊዜ ነው ለፋጡማ መናገር የጀመርኩት።

ደርግ በወደቀ በዓመቱ ይሁን በሁለተኛው፣ እኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከጨፋ ሮቢት ወጣ ብሎ፣ ከሜዳው በላይ ነው። እናቴ ሞታለች። አባቴ ሰይድ፣ ታላቅ ወንድሜ እንድሪስ ከነሚስቱ፣ እኔም አንድ ግቢ እንኖር ነበር።

አባቴ ቁጭ ብሎ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በጉልምስናው በሬ እየነዳ ሦስት ቀን ተጉዞ ባቲ ገበያ ይደርስ ነበር፤ ከአፋሮቹ ጋር በቋንቋቸው ይከራከራል ይሉታል። እኔ ነፍስ ሳውቅ ባቲን ትቶ ሰንበቴ ገበያ ብቻ ይሄድ ነበር፣ ሳምንት በሳምንት። ከዚያ ሰንበቴም ሩቅ ሆነችበትና ሮቢት ላይ ቀረ። የሚገርመኝ፣ እያንዳንዱ ነገር ሲቀርበት ቤታችን ውስጥ ያዘነ ሰው አልነበረም። ሸመገለ፣ ይረፍ አልን፤ በቃ።

አንድ ክረምት የሚያርሰው ትልም መጣመም ጀመረ። በአገሩ ትልሙ እንደ ክር የሚባልለት ሰው ነበር። እንድሪስ ሁለት ቀን አይቶ በሦስተኛው ዕርፉን ከእጁ ተቀበለው። አባቴ ምንም አልተናገረም፤ ጥላ ስር ቁጭ ብሎ ቀንበርና ሞፈር መጥረብ ያዘ። እሱም ብዙ አልቆየም። መጥረቢያው ስቶት የአውራ ጣቱን ጎን ሲተለትለው እንድሪስ መጥረቢያውን ጣሪያው ውስጥ ሸሸገበት።

የቀረው ወፍ ጥበቃ ነው። ማሽላ ፍሬ ሲይዝ ግሪሳ የምትባል ትንሽ ወፍ በሺህ እየሆነች ትመጣለች፤ ካልተጠበቀ አንድ ማሳ በግማሽ ቀን ታራግፋለች። ማሳው መሃል አራት እንጨት ይተከልና ከላዩ ይረበረባል፣ ማማ እንለዋለን። ከዚያ ላይ ወጥቶ በወንጭፍና በጩኸት ማባረር ነው። የልጆች ሥራ ነው። እንድሪስ «አባ፣ ማማው ላይ ውጣልን» ሲለው አባቴ ሳቀ።

«ከዚሁ ነበር የጀመርኩት» አለ። «ጥርሴን ሳልነቅል።»

ግን ደስ ብሎታል። ሱብሒ ሰግዶ፣ ወንጭፉን አንገቱ ላይ አድርጎ ጤዛው ሳይረግፍ ይወርዳል። ቀን ቀን ምሳውን የምወስድለት እኔ ነበርኩ፤ የማሽላ ቂጣ በወተት፣ በቅል ደግሞ ውሃ።

አንድ ቀን ቂጣውን ይዤ ስደርስ ከማማው በስተቀኝ ግሪሳ ሰፍራለች። አገዳዎቹ ከክብደቷ የተነሳ ጎብጠዋል። አባቴ ማማው ላይ ቆሞ ፊት ለፊቱን እያየ ባዶ ቦታ ላይ ድንጋይ ይወነጭፋል። «ሁሽ! ሁሽ!» ይላል። መጀመሪያ የሚቀልድ መሰለኝ። ጠጋ አልኩ፤ ከማማው በጎን፣ አምስት ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆሜ አላየኝም። እጄን አወዛወዝኩ፤ አላየኝም። ፊት ለፊቱ ስሄድ ግን ወዲያው «መጣህ፣ ኢልማ ኮ?» አለኝ። ልጄ ሲለኝ ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነበር።

ቂጣውን እየበላ ትንሽ ተጫወትን። ወፏ ዘንድሮ እንደቀነሰች ነገረኝ። ሲጨርስ፣ «ለበሬው ሣር ላጭድ» ብዬ ወደ ቀኝ ዞርኩና ወፏን በጭብጨባ አባረርኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቀኝ በኩል እኔ ሆንኩ። በየቀኑ ሰበብ አላጣም፤ ሣር፣ እንጨት፣ የአጥር ጥገና። እሱ ፊት ለፊቱንና በጆሮው የሚሰማውን ያህል ግራውን ይጠብቃል፣ እኔ የቀረውን። ለእንድሪስ አልነገርኩም። ብነግረው ከማማው እንደሚያወርደው አውቃለሁ፤ ከማማው ቀጥሎ ደግሞ ምንም አልነበረም። ሦስት ሳምንት ያህል እንዲህ ሄደ። አንዳንዴ እሸት እጠብስና ወደ ማማው እወጣለሁ፤ ትኩሱን በመዳፉ አሽቶ፣ ገለባውን እፍ ብሎ፣ ግማሹን ለእኔ ይሰጠኛል። ከዚያ በኋላ እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም።

ማሽላው ሊቆረጥ አንድ ሳምንት ሲቀረው ከከሚሴ መልእክት መጣልኝ። አንድ ልብስ ሰፊ ሥራ የሚማር ወጣት ይፈልግ ነበር፤ ሐሙስ ጠዋት መጥቼ እጄን ላሳየው፣ ካልመጣሁ ሌላ ሰው እንደሚይዝ አስታወቀኝ። እኔ ደግሞ ግብርናውን ጠልቼዋለሁ። ያ ዕድል ካመለጠኝ ዕድሜ ልኬን የእንድሪስ ሎሌ ሆኜ እንደምቀር ነበር የሚታየኝ።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ አሰብኩበት። በእኔ ቦታ ሰው ልተካ ብል ለምን እንደሆነ መናገር አለብኝ። ሐሙስ ጠዋት ማማው ድረስ ሸኘሁትና፣ «አባ፣ ዛሬ ከሚሴ ልሂድ? እስከ ዐስር እመለሳለሁ» አልኩት።

ወንጭፉን ከአንገቱ አወረደ። ከዚያ፣ «ሂድ። እኔ አለሁ» አለኝ።

በአይሱዙ ተጭኜ ሄድኩ። ልብስ ሰፊው አሮጌ ጨርቅ ሰጥቶኝ መኪናው ላይ አስቀመጠኝ፤ ቀጥ ያለ ስፌት አወጣሁ። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «እጅ አለህ፤ አዝመራችሁን ሰብስባችሁ ና» አለኝ። ሩዝ በሥጋ ጋበዘኝ። ስበላ አባቴን አላሰብኩትም። ይህን ለፋጡማም አልደበቅኳትም፤ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩትም።

ከመኪና ወርጄ ወደ ማሳው ስጠጋ ድምፅዋን ሰማሁ። ግሪሳ ብዙ ስትሆን እንደ ዝናብ ነው የምትሰማው። ከማማው በስተቀኝ ያለው በሙሉ ተራግፏል፣ አገዳው ባዶ ራሱን ይዞ ቆሟል፤ መሬቱ በገለባ ነጥቷል። ወፏ ወደ ግራም ተሻግራለች። አባቴ ማማው ላይ ነው፤ ድምፁ ተዘግቶ «ሁሽ» የሚለው አይወጣለትም፣ ግን ይወነጭፋል። ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይወነጭፋል።

እንድሪስና ጎረቤታችን ሑሴን ከኔ ቀድመው እየሮጡ ደርሰዋል። ሌሎችም ከየማሳቸው መጡ። እንድሪስ ራሱን ይዞ ጮኸ። «አባ! ይሄ ሁሉ ሲበላ የት ነበርክ? ምን እያየህ ነበር?»

አባቴ ከማማው ወረደ። እግሩ መሰላሉን ሲፈልግ አየሁት፤ ሌላው ሰው ግን ማሳውን ነበር የሚያየው። መሬት ሲረግጥ አንገቱን ደፋና፣ «እንቅልፍ ወሰደኝ» አለ።

«እንቅልፍ! የዓመት ቀለባችን ሲበላ እንቅልፍ!» እንድሪስ ወንጭፉን ከእጁ መንጭቆ ወረወረው። «ከእንግዲህ ከደጅ እንዳትወጣ። ቤት ሆነህ እንደልብህ ተኛ!»

ሰው ሁሉ ይሰማል። ሑሴን ብቻ «ተው እንድሪስ፣ አባት ነው» አለ። እኔ ከበስተኋላ ቆሜያለሁ፣ ለከሚሴ ብዬ ያወጣሁትን አዲስ ሸሚዝ እንደለበስኩ። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። አልወጣኝም።

ከዚያ በኋላ የአባቴ ቀን ከመደብ እስከ ግድግዳ ሆነ። ጠዋት ያወጡታል፣ ፀሐይ ሲበረታ ያስገቡታል። የእንድሪስ ሚስት ምግቡን እጁ ላይ ታስቀምጥለታለች። በዚያ ዓመት እህል ከሮቢት እየገዛን በላን፤ ቂጣው ባነሰ ቁጥር እንድሪስ ወደ መደቡ ያያል። አባቴ ያን አያይም፣ የሚሰማው ይመስለኛል።

ወደ ከሚሴ የምሄድበት ዋዜማ አጠገቡ ተቀመጥኩ። የእጄን አንጓ ያዘ።

«በየት በኩል ነው የበሉት?» አለኝ።

«በቀኝ።»

«እኔም እንደሱ መስሎኝ ነበር። በቀኝ አንተ ነበርክ።» ደነገጥኩ። «ጭብጨባህን እሰማ ነበር፣ ኢልማ ኮ። ሣር አጫጅ በየቀኑ አያጨበጭብም።»

«አባ፣ ዓይንህ እንዲህ መሆኑን ለምን አልተናገርክም?»

«ብናገር ያወርዱኛል።» አንጓዬን ሳይለቅ፣ «አሁንማ ወርጃለሁ» አለ። «አንድ ነገር አድርግልኝ። ለእንድሪስ ንገረው። አልተኛሁም በልልኝ። ዕውር ይበለኝ ግድ የለም፤ እንቅልፋም ግን አይበለኝ። ወላሂ፣ ያን ቀን ዓይኔን አልከደንኩም።»

«ነገ ሳልሄድ እነግረዋለሁ» አልኩት።

በማግስቱ እንድሪስ በር ላይ ቆሞ ነበር። ብነግረው፣ «አንተ እያወቅክ ነው ጥለኸው የሄድከው?» እንደሚለኝ፣ ጉዞዬንም እንደሚያስቀረኝ ታወቀኝ። መርቆኝ ጨብጦኝ ሄድኩ። ስመለስ እነግረዋለሁ እያልኩ ለዒድ መጣሁ፤ አባቴ ምንም አልጠየቀኝም፣ ድምፄን ሰምቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ዝናቡ ሳይገባ ሞተ። ለቀብር ስደርስ ሰዎች እርጅና ነው አሉ፣ አላህ ይርሐመው።

እንድሪስ ካለፈ አራት ዓመት ሊሆነው ነው። እስኪሞት ድረስ በየሰርጉና በየመውሊዱ፣ ሰው ሲሰበሰብ፣ «አባታችን ማሳ እያስበላ ያንኮራፋ ነበር» እያለ ያስቅ ነበር። በክፋት አልነበረም፤ ቂሙ ወጥቶለት ጨዋታ ሆኖለት ነው። ሰው ሲስቅ እኔም እስቅ ነበር።

ይህን ሁሉ ለፋጡማ ነግሬ ስጨርስ ከሚሴ ደርሰናል። ሚኒባሱ ቆሞ ሰው ሲወርድ እሷ እጄን ይዛ ቁጭ ብላ ቀረች። «አባ፣ ያኔ ልጅ ነበርክ። አላህ መሐሪ ነው» አለችኝ።

በእኔና በአላህ መካከል ያለውን ይምር ይሆናል። የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱ ካልማረ አይማርም ብለው ነው ያስተማሩን። ባለቤቱ ሮቢት አፈር ውስጥ ነው። ተናገር፣ ይቀልሃል ይላሉ፤ ተናገርኩ፣ አልቀለለኝም።

አሁን ጠዋት ፋጡማ በረንዳው ላይ ታስቀምጠኛለች። መስጊድ ስሄድ ሰው ይመራኛል፤ ሌላ የምሄድበት የለኝም። ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ ስለሚያስቸግረኝ ዓይኔን ጨፍኜ እቀመጣለሁ። የእንድሪስ ልጆች ለገበያ ከሮቢት ሲመጡ በደጃችን ያልፋሉ፤ በድምፃቸው እለያቸዋለሁ። ቀስ ብለው የሚነጋገሩ ይመስላቸዋል። «ተኝቷል፣ አትቀስቅሱት» ይባባላሉ። «የአያታችን አመል ወጥቶበታል።»

ጠርቼ ልንገራቸው እላለሁ። እስከ ዛሬ አንድም ቀን አልጠራኋቸውም።